ስክሪን ላይ ፊደል ለሚያንስባችሁ፦ ምኑን መንካት ምኑን መተው እንዳለባችሁ

የምሰራው ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ካሉት የኮምፒውተር ጽሁፍና ፎቶኮፒ ቤቶች ባንዱ ነው፣ ማመልከቻ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሁፍ ስንጽፍ ነው የምንውለው፣ እና ደንበኛው አጠገባችን ቁጭ ብሎ የተጻፈለትን እንዲያይ ስክሪኑን ዞር ስናረግለት መጀመሪያ የምንሰማው ነገር "ፊደሉ አነሰ፣ እስቲ ከፍ አርጊልኝ" ነው። ከፍ ሲልለት ደግሞ "እንዴ እንዲህ ይቻላል እንዴ፣ የቤቴ ላፕቶፕማ ዓይኔን ሊያጠፋው ነው" ይላል። በየቀኑ እየደጋገምኩ የምመልሰውን አንድ ላይ ላስቀምጠው ብዬ ነው፣ አብዛኛው ስለ ዊንዶውስ ነው፣ በየቢሮውም በየቤቱም ያለው እሱ ስለሆነ።

መጀመሪያ ግን አዲስ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ፊደሉ ከድሮው ካነሰባችሁ ዓይናችሁ በአንድ ሳምንት አልደከመም። የድሮዎቹ ባለ 15.6 ኢንች ላፕቶፖች ስክሪናቸው ብዙውን ጊዜ በአግድም 1366 በቁም 768 ነጥብ ነበር፣ አሁን የሚሸጡት ብዙዎቹ እዛው ስፋት ላይ 1920 በ1080 ነጥብ ነው የሚያጭቁት። ነጥቡ ሲበዛ እያንዳንዷ ነጥብ ታንሳለች፣ ፊደሉ የሚሰራበት የነጥብ ብዛት ግን ኮምፒውተሩ ካልተነገረው በስተቀር ያው ነው፣ ስለዚህ ፊደሉ ከድሮው 70 በመቶ ገደማ ይሆናል። 14 ኢንች ከሆነማ የባሰ ነው። ስክሪኑ ጥሩ ስለሆነ ነው እንግዲህ ያነሰባችሁ፣ ማስተካከሉን ማወቅ ብቻ ነው የሚቀረው።

ፈጣኑ መላ ኮንትሮል (Ctrl የሚል የተጻፈባት ቁልፍ) ነው። ኮንትሮልን ይዛችሁ የፕላስ ምልክቷን መጫን፣ ወይ ኮንትሮልን ይዞ የማውሱን ጎማ ወደ ላይ ማሽከርከር። ክሮም፣ ፋየርፎክስ፣ ኤጅ ላይ ሁለቱም ይሰራሉ፣ ጎማዋ ደግሞ ወርድና ኤክሴል ላይም ትሰራለች። ብራውዘር ላይ ወደነበረበት ለመመለስ ኮንትሮልና ዜሮ። ክሮም ለየድረገጹ ያረጋችሁትን ያስታውሳል፣ ዜና የምታነቡበትን 150 በመቶ ካረጋችሁት ነገም 150 ሆኖ ነው የሚከፈተው ሌላውን አይነካውም። ሁሉም ድረገጽ ካነሰባችሁ ግን በየገጹ ኮንትሮል ሲጫኑ መዋል ምን ያረጋል፣ በቀኝ በኩል ከላይ ያሉትን ሶስት ነጥቦች ጫኑና ሴቲንግስ፣ ከዛ አፒራንስ ግቡ፣ ፔጅ ዙም የሚለውን 125 አርጉት አለቀ። እዛው ከስተማይዝ ፎንትስ ውስጥ ሚኒመም ፎንት ሳይዝ የምትባል አለች፣ ብዙ ሰው አያውቃትም፣ ድረገጹ የፈለገውን ያህል ትንሽ ፊደል ቢያዝ ከዚህ በታች አትውረድ ማለት ናት። በጣም ከፍ ካረጋችኋት አንዳንድ ገጽ ላይ ጽሁፍ በጽሁፍ ላይ ይደራረባል፣ እያያችሁ ቀስ እያላችሁ ነው። የሰው ኮምፒውተር ላይ ከሆናችሁ ደግሞ ስትነሱ ኮንትሮል ዜሮ ብላችሁ ተነሱ በናታችሁ፣ ከናንተ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ምን ሆኖ ነው ብሎ እኛን ነው የሚጠራን።

አሁን ወደ ዋናው። ኮምፒውተር የሚነካካ ሰው ጋ ወስዳችሁ ፊደሉ አነሰብኝ ስትሉት አንዳንዱ ቶሎ ብሎ ሪዞሉሽኑን፣ ማለት ስክሪኑ የሚያሳየውን የነጥብ ብዛት፣ ያወርድላችኋል። ፊደሉ እውነትም ይተልቃል፣ አመስግናችሁ ቤት ትገባላችሁ፣ ከሰዓት በኋላ ራሳችሁን ያማችኋል። ለምን መሰላችሁ፣ የዛሬ ስክሪን ነጥቦቹ ፋብሪካ ውስጥ ተቆጥረው የተቀመጡ ናቸው፣ 1920 ከሆነ 1920 ነው። እናንተ 1280 አርጉልኝ ስትሉ አንዱን ነጥብ በአንድ ተኩል ነጥብ ላይ ዘርግቶ ማሳየት አለበት፣ ግማሽ ነጥብ የሚባል ነገር ደግሞ የለም፣ ስለዚህ ጠርዙን በግራጫ ይሞላዋል። ትልቅ ግን የፈዘዘ ፊደል ይሆናል፣ ዓይን ደግሞ ከትንሽ ጥርት ያለ ፊደል ይልቅ ትልቅ የፈዘዘ ነው የሚያደክመው።

ትክክለኛው ስኬል የሚባለው ነው። ዴስክቶፑ ላይ ባዶ ቦታ ራይት ክሊክ አርጉና ዲስፕሌይ ሴቲንግስ ግቡ። ሪዞሉሽኑ አጠገቡ ሪኮመንድድ የሚል የተጻፈበት ላይ መሆኑን ብቻ አይታችሁ እለፉት፣ ካልሆነ እዛ ላይ መልሱት። የምትነኩት ስኬል የሚለውን ነው፣ 100 ከሆነ 125፣ አሁንም ካነሰ 150። ኮምፒውተሩ ነጥቦቹን ሁሉ እንደያዘ ፊደሉን በብዙ ነጥብ እንደገና ይስለዋል፣ ስለዚህ ሲተልቅ አይፈዝም እንደውም ይጠራል። ክፍት የነበሩ አንዳንድ ፕሮግራሞች መጀመሪያ ላይ ደብዘዝ ሊሉ ይችላሉ፣ ሳይን አውት ብላችሁ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ ስትመለሱ ይስተካከላሉ።

ስንት ይሁን ለሚለው፣ ሰፊ የኤክሴል ሰንጠረዥ ላይ ለሚውል የሂሳብ ሰው 125 ይበቃዋል፣ ከዛ ካለፈ ወደ ጎን ሲንሸራተት ነው የሚውለው። ለሚጽፍና ለሚያነብ ሰው 150 ነው የምመርጠው። የድሮው 1366 በ768 ስክሪን ከሆነ ግን ስኬሉን ብዙ አትጫኑት፣ የአንዳንድ ፕሮግራም መስኮት ከታች ይወጣና ኦኬ የሚለው ቁልፍ የት እንደገባ ስትፈልጉ ትውላላችሁ።

መስኮቱና አይከኑ ባለበት ይቅርልኝ ፊደሉ ብቻ ይደግ ካላችሁ ሌላ ቦታ አለ፣ ዊንዶውስ 11 ላይ ሴቲንግስ፣ አክሰሲቢሊቲ፣ ቴክስት ሳይዝ፣ ዊንዶውስ 10 ላይ ደግሞ ኢዝ ኦፍ አክሰስ ውስጥ ዲስፕሌይ የሚለው። ከ100 እስከ 225 በመቶ ድረስ የምትጎተት ነገር አለች፣ ጎትታችሁ አፕላይ ነው። እኔ ስኬሉን 125 አርጌ ይሄንን 120 ገደማ ሳረገው ነው የሚመቸኝ።

አሁን ያልኩት ሁሉ ለእንግሊዝኛ ጽሁፍ ይበቃል፣ የኛ ፊደል ግን የራሱ ጣጣ አለው። እስቲ ሊ እና ሌን አጉልታችሁ እዩዋቸው፣ ልዩነታቸው የቀኙ እግር ጫፍ ላይ ያለችው ነገር ሰረዝ መሆኗና ቀለበት መሆኗ ብቻ ነው። ፊደሉ ሲያንስ የቀለበቷ ቀዳዳ ይደፈንና ሁለቱም አንድ ዓይነት ጉብታ ይሆናሉ። ቡ እና ቢም እንደዛው፣ ሰረዟ ወገቡ ላይ ናት ወይስ እግሩ ላይ። ውል ላይ ይሄ ቀልድ አይደለም፣ "ይከፈላል" እና "ይከፍላል" የአንድ ፊደል ልዩነት ነው ግን ማን ነው ከፋዩ የሚለው እዛች ላይ ነው ያለው። ስለዚህ እንግሊዝኛው 11 ላይ ደህና ከተነበበላችሁ አማርኛውን 13 ወይ 14 አርጉት፣ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ቁጥር ሰጥታችሁ አማርኛው ለምን አነሰ ብላችሁ አትገረሙ።

ፎንቱም፣ ማለት የፊደሉ ዓይነት፣ ወሳኝ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣ ፎንት ነው፣ ወረቀት ላይ ሲታተም እወደዋለሁ፣ ስክሪን ላይ ግን ቀጠን ያለና በቁጥሩ ልክ የማይታይ ነው፣ በኒያላ 12 የተጻፈ በሌላው 10 ይመስላል። ኢብሪማ ከዊንዶውስ 8 ወዲህ የኛን ፊደል ይዞ ይመጣል፣ ስክሪን ላይ ከኒያላ በጣም ይሻላል። ከሁሉም ደህናው ለኔ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ነው፣ ከጉግል ፎንትስ በነጻ ይወርዳል፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ ብዙ ዓይነት አለው፣ ሚዲየም የሚለውን ምረጡ፣ ቦልድ ካረጋችሁት ቀለበቶቹ መልሰው ይደፈናሉ። አንድ መሪጌታ ግዕዝ አስጽፈው ሊያርሙ ቁጭ ብለው ትንሽ ካዩ በኋላ "ልጄ፣ ይሄ ፊደል ከስቷል እኮ" አሉኝ፣ መጠኑን ስጨምር "አይ፣ መክሳቱን ነው ያልኩሽ" አሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ብራና ላይ በመቃ ብዕር የተጻፈ ወፍራም ፊደል የለመደ ዓይን ችግሩ የትልቀት አልነበረም የውፍረት ነበር። ኖቶ ሚዲየም አረግሁላቸው፣ የኔታ መነጽራቸውን ሳያወጡ አርመው ጨረሱ።

ድረገጽ ላይ ለአማርኛ ብቻ ለይቶ ለማስተካከል ፋየርፎክስ ከክሮም ይሻላል። ሴቲንግስ ውስጥ ፎንትስ የሚለው ጋ አድቫንስድ ስትሉ ከላይ ፎንትስ ፎር የሚል ዝርዝር አለ፣ እዛ ውስጥ ኢትዮፒክ የሚለውን ምረጡና ፎንቱን ኖቶ፣ ትንሹን መጠን ደግሞ 16 ምናምን አርጉ። ብዙ ድረገጽ ግን አማርኛ ነኝ ብሎ በኮዱ ውስጥ ስለማይናገር ፋየርፎክስ ሊያውቀው አይችልም፣ ስለዚህ ላቲን የሚለው ላይም ትንሹን መጠን ከፍ አርጉት። በተረፈ ረጅም ጽሁፍ ስታነቡ አድራሻው መጻፊያ ጎን የገጽ ምልክት ከታየች ንኳት፣ ሪደር ቪው ትባላለች፣ ማስታወቂያውን ሁሉ አባራ ጽሁፉን ብቻ ትሰጣችኋለች፣ መጠኑንም የመስመሩን ርቀትም እዛው ማስተካከል ይቻላል።

ወርድ ላይ አንድ የማልታገሰው ነገር አለ። ሰዎች ለማየት እንዲመቻቸው ፎንቱን 18 አርገው ጽፈው ፍላሽ ይዘው ይመጣሉ፣ ስናትመው 10 ገጽ የነበረው 20 ገጽ ይሆናል፣ ከዛ በየገጹ ስትከፍሉ ታዝናላችሁ። ዙምና የፎንት መጠን የተለያዩ ናቸው፣ ወርድ ከታች በቀኝ በኩል ያለችውን የዙም መጎተቻ 160ም 200ም ብታረጓት ወረቀቱ ላይ የሚወጣው አይቀየርም። ቪው ውስጥ ፔጅ ዊድዝ የሚለው ደግሞ ገጹን በስክሪኑ ልክ ይዘረጋዋል፣ እኔ ሁሌ እሱ ላይ ነው የምጽፈው። ለማንበብ ብቻ ከሆነ የመስመሩን ርቀት አስፉት፣ ሁሉንም መርጣችሁ ኮንትሮልና 5 ስትጫኑ አንድ ተኩል ይሆናል፣ የአማርኛ ፊደል ከላይም ከታችም ቅጥያ ስላለው መስመሩ ከተጣበቀ ዓይን መስመር ይስታል።

ፒዲኤፍ ሁለት ዓይነት ነው። በኮምፒውተር የተጻፈው እስከፈለጋችሁ ቢጎላ አይፈዝም። ስካን የተደረገው ግን ፎቶ ነው፣ ሲጎላ ይፈዛል ምንም ማረግ አይቻልም፣ ስለዚህ ስታሰካኑ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ማለት ነው) አርጉልኝ በሉ፣ ለመላክ እንዲቀል ብለው በ100 ካረጉላችሁ የአማርኛው ቀለበት ሁሉ ይጠፋል። ነጋሪት ጋዜጣ የምታነቡ ደግሞ ገጹ ግማሹ አማርኛ ግማሹ እንግሊዝኛ ስለሆነ ሙሉ ገጹን ለማየት አትታገሉ፣ የአማርኛው ዓምድ ስክሪኑን እስኪሞላ አጉልታችሁ ወደ ታች ብቻ ውረዱ።

ኮምፒውተር ላይ ቴሌግራም የምትጠቀሙ፣ ሴቲንግስ ውስጥ ዲፎልት ኢንተርፌስ ስኬል የሚል አለ፣ እሱን አጥፍታችሁ መጎተቻዋን 125 ወይ 150 አርጓት፣ ራሱን ዘግቶ ይከፍታል፣ በቃ።

ፊደሉ ትልቅ ሆኖም ካልጠራስ? ስታርት ላይ ክሊርታይፕ ብላችሁ በእንግሊዝኛ ጻፉ፣ የሚመጣውን ክፈቱ፣ የተለያየ ናሙና እያሳየ የቱ ይሻላል ይላችኋል፣ መምረጥ ብቻ ነው። ዴስክቶፕ ከሆነና ሞኒተሩ በሰማያዊዋ ቪጂኤ ገመድ የታሰረ ከሆነ ደግሞ ሞኒተሩ ላይ አውቶ የምትለዋን ቁልፍ ተጫኑ፣ ስክሪኑ ትንሽ ተንቀሳቅሶ ይስተካከላል፣ ገመዷም ላልታ ከሆነ አጥብቋት። ሁለቱም ላይ ኤችዲኤምአይ ቀዳዳ ካለ ግን ገመዱን ቀይሩት፣ ይሄን ያህል የሚያወላዳ ነገር የለውም። አንድ የድሮ ፕሮግራም ብቻ ለብቻው ከፈዘዘ አይከኑ ላይ ራይት ክሊክ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ኮምፓቲቢሊቲ፣ ከዛ ቼንጅ ሃይ ዲፒአይ ሴቲንግስ ግቡና ከታች ያለችውን ሳጥን ምልክት አርጋችሁ ሲስተም ኢንሃንስድ የሚለውን ምረጡ፣ ሁሉም ላይ ባይሰራም ብዙው ላይ ይሰራል።

አንዳንድ ጊዜ የምታዩት አንዲት ነገር ብቻ ናት፣ የደረሰኝ ቁጥር፣ የስም ፊደል። ለሷ ብላችሁ ሴቲንግ አትበጥብጡ፣ የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዛችሁ ፕላስ ስትጫኑ ማጉያው ይመጣል፣ አይታችሁ ስትጨርሱ ዊንዶውስና ኢስኬፕ።

ብርሃኑን ሰው ይረሳዋል። የጎንደር ፀሐይ መቼም ታውቋታላችሁ፣ ሱቃችን ፊቱ ወደ መንገድ ነው፣ ስክሪኑ በሩን ትይዩ ከተቀመጠ ከረፋዱ ጀምሮ ፊደል ሳይሆን የራሳችሁን ፊት ነው የምታዩት። ስክሪኑ ለበሩም ለመስኮቱም ጎኑን ይስጥ፣ ፊቱንም ጀርባውንም አይስጥ፣ ጀርባውን ከሰጠ ደግሞ ከኋላው የሚመጣው ብርሃን ነው ዓይን የሚወጋው። ብርሃኑን እንደ ሰዓቱ መቀያየር ነው፣ ቀን ከፍ ማታ ዝቅ። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ በባትሪ ይገባና ባተሪ ሴቨር ሲነሳ ስክሪኑን ራሱ ያደበዝዘዋል፣ ሰው "ዓይኔን ምን ነካው" ይላል፣ የባትሪው ሴቲንግ ውስጥ ብርሃን ቀንስ የሚለውን ማጥፋት ይቻላል፣ ባትሪው ትንሽ ቶሎ ያልቃል እንጂ። አቧራውንም ጥረጉ እንጂ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ አልኮል አትርጩበት።

ዳርክ ሞድ ይሻላል ወይ ለምትሉኝ፣ ማታ መብራት ጠፍቶ ጨለማ ውስጥ ከሆናችሁ አዎ። ቀን ግን ጥቁር ላይ ነጭ የሆነ ቀጭን የአማርኛ ፊደል ጠርዙ የሚፈስ ይመስላል፣ በተለይ አስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ለፊት ቅርጽ እኩል ባለመሆኑ የሚመጣ የማየት ችግር) ላለበት ሰው። እኔ ቀን ነጭ ላይ ጥቁር፣ ማታ ናይት ላይት የሚባለውን ቢጫ ማረጊያ ነው የምጠቀመው።

ርቀት ደግሞ ከስክሪኑ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጣታችሁ ሊነካው ገደማ ነው፣ ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር። ፊደል ያነሰበት ሰው ሳያውቀው ወደፊት ይጠጋል፣ አንገቱና ወገቡ ነው የሚከፍሉት፣ ስለዚህ መጀመሪያ በልኩ ራቁና ቁጭ በሉ ከዛ ፊደሉን ወደናንተ አምጡት። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሰከንድ 6 ሜትርና ከዛ በላይ የራቀ ነገር ማየት ይመከራል፣ እኛ በሩ ላይ ወጣ ብለን የፋሲልን ግንብ እናያለን፣ ዓይን ማርገብገብም አትርሱ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ማርገብገብ ይቀንሳል ዓይኑም ይደርቃል።

ይሄን ሁሉ አርጋችሁም ካልታያችሁ ሴቲንጉን ተዉት። ከ40 ዓመት ገደማ በኋላ ዓይን ቅርብ ነገር ላይ ማተኮር እያቃተው መሄዱ የሁሉም ሰው ነገር ነው፣ ስልካችሁን እያራቃችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ እሱ ነው። ድንገት አንድ ዓይን ከደበዘዘ ወይ ብልጭታ ምናምን ከታየ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቁ ሂዱ። እዚህ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ራሱ ኦፕቶሜትሪ (ዓይን የመለካትና መነጽር የማዘዝ ሙያ) ያስተምራል፣ መንገድ ላይ ከተደረደረው መነጽር አንዱን አንስቶ ታየኝ ብሎ ከመሄድ መለካት ይሻላል፣ ሁለቱ ዓይኖች እኩል ላይሆኑ ይችላሉ።

ስትሄዱ ታዲያ ኮምፒውተር ላይ እንደምትውሉ ንገሯቸው። የማንበቢያ መነጽር የሚለካው መጽሐፍ በሚያዝበት ርቀት ነው፣ ወደ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ስክሪን ደግሞ ከዛ ይርቃል፣ ስለዚህ መጽሐፍ ጥርት አርጎ የሚያሳይ መነጽር ስክሪኑን ሊያደበዝዘው ይችላል፣ ሰውየውም ለመነጽሩ ብሎ ስክሪኑ ላይ ይደፋል። እንደምትቀመጡት ሆናችሁ ከዓይናችሁ እስከ ስክሪኑ ያለውን አስለኩና ቁጥሩን ጽፋችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ሜትር ከሌላችሁ ኤ4 ወረቀት ቁመቱ 29.7 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ሁለት ወረቀት በቁመታቸው ጫፍ ለጫፍ ስትቀጥሉ 60 ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው።